ስለ ኤሌክትሪክ ቢስክሌት የፊት ባላ አመራረጥ

በዛሬው ዕለት ልንጽፍበት ያሰብነው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፥ ሲመረምሩት ግን የሰው አካልና የመንግሥት ገንዘብ አብረው የተንጠለጠሉበት ነው። ይኸውም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድ ቢስክሌት፥ የፊት ጎማውን ይዞ የሚያቆመው ባለ ሁለት እግር ብረት በተሰበረበት ወይም ባረጀበት ጊዜ፥ በምትኩ ምን ዓይነት ይግባለት የሚለው ነው። ይህን አንብቦ ፈገግ የሚል ሹም አይጠፋም። ስለ ታላላቅ ሥራ ሊጻፍበት በሚገባው ገጽ ላይ የቢስክሌት እግር ምን ሊያደርግ ገባ ይለን ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እንመልሳለን፤ ከዓባይ ግድብ የሚወጣው ኃይል በሽቦ ተጕዞ ወደ ባትሪ፥ ከባትሪ ወደ ሞተር፥ ከሞተርም ወደ ጎማ ከደረሰ በኋላ፥ በመጨረሻ ሰውየውን ተሸክሞ ከመሬት ጋር የሚታገለው ይኸው ብረት ነው። የላይኛው ሁሉ ደኅና ሆኖ ይህ አንዱ ቢከዳ፥ ነጂው በግንባሩ መሬት ላይ ይወድቃል።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ እናስታውስ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን ተሽከርካሪዎች ቀረጥ አቃለለ፤ ተበታትኖ መጥቶ ባገር ውስጥ ለሚገጣጠመውም ቀረጡን ጨርሶ አነሣ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፥ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ካሁን በኋላ ወደ አገር እንዳይገባ የተወሰነ መሆኑን አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። በአዲስ አበባም የኤሌክትሪክ ሞተር ቢስክሌት የሚገጣጥሙ ድርጅቶች ተነሥተዋል። ባለ አራት ጎማው በሄደበት መንገድ ባለ ሁለት ጎማውም መከተሉ የማይቀር ነው።

ለዚህም ነገር የሱማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች እጅግ የተመቹ ሆነው እናገኛቸዋለን። ጅጅጋ የተቀመጠችበት ሜዳ ሰፊና ገር ነው፤ ባሕር ዳርና አዋሳ ቢስክሌትን የወደዱት በሜዳነታቸው ከሆነ፥ ጅጅጋም የምትጠላበት ምክንያት የላትም። ዛሬ በጅጅጋ የሰውና የዕቃ መመላለሻ በአመዛኙ ባጃጅ ነው፤ ወደ ቀብሪ በያህ፥ ወደ አውበሬ፥ ወደ ቶጎ ውጫሌም ብንሄድ ያው ነው። ነገር ግን ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው የሚዞረው ጤና ረዳት፥ ከብት የሚያክመው ሠራተኛ፥ ከከተማ ወጣ ባለው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መምህር፥ ሁልጊዜ ባጃጅ ሊከራይ አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው ሞተር የተገጠመለት ቢስክሌት ከበቅሎ ይልቅ ርካሽ፥ ከእግርም ይልቅ ፈጣን ነው። በአይሻ በኩል የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያየ ሰው፥ ይህ አገር ራሱ የሚያፈራውን ኃይል በገዛ ጎማው ሲጠቀምበት ለማየት ቢመኝ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ጅጅጋ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በአዲስ አበባ በግማሽ ቀን የሚገኝ መለዋወጫ፥ በሐርቲ ሼክ ላለው ሰው ሳምንታት ሊያስጠብቀው ይችላል። በዚህ ምክንያት ያልሆነ ዕቃ ተገዝቶ በመጣ ጊዜ ይመለስ የሚለው ሐሳብ ከንቱ ነው፤ ወይ እግቢ ውስጥ ይጣላል፥ ወይም በሞረድና በመዶሻ ተገዶ እንዲገባ ይደረጋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ አንድ ቃል እንበል። የጋራዥ ሰዎቻችን ከጣሊያኖች ተቀብለው ሞላ፥ ቸርኬ፥ ኩሽኔታ፥ ቡሎን፥ ዳዶ እያሉ ሥራቸውን ሲሠሩ ኖረዋል፤ ቃሎቹም ዛሬ የአማርኛ ልጆች ሆነዋል፥ እኛም አንነቅፋቸውም። ይህን ባለ ሁለት እግር ብረት ግን በእንግሊዝኛው ፎርክ የሚሉት ይበዛሉ። አባቶቻችን ጫፉ መንታ የሆነውን፥ ጎጆ የሚደግፉበትን እንጨት ባላ ይሉታል። ሸክም ተቀብሎ የሚያቆም መንታ ነገር ሁሉ ባላ ከተባለ፥ የቢስክሌቱንም ባላ ብንለው ስሙና ግብሩ ይስማማሉ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባላ እንለዋለን፤ ወደ ቴላዮው የሚገባውን የላይኛውን ቱቦ አንገት፥ ሁለቱ እግሮች የሚጋጠሙበትን ትከሻ፥ የጎማው ዘንግ የሚቀመጥበትን የእግሮቹን ጫፍ ደግሞ አፍ እንለዋለን። እግሮቹ ውስጥ ሞላ ወይም የታመቀ አየር ያለበት ባለ ሞላ ባላ ነው፤ ምንም የሌለበት ደረቅ ባላ ነው።

አሁን ባላ ሊመርጥ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋ ወይም ስለ ቀለም መሆን አይገባውም። ሞተሩ የት ነው ብሎ ይጠይቅ። በጎማው እምብርት ውስጥ የሚቀመጠው ሞተር በአንዳንዱ ቢስክሌት ከፊት፥ በአንዳንዱ ከኋላ ነው። ይህ አንድ ልዩነት የቀረውን ምርጫ ሁሉ ይለውጠዋል፤ ሻጮች ግን ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።

ሞተርን በጎማ እምብርት ውስጥ ማስቀመጥ አዲስ ብልሃት አይደለም። ኦግደን ቦልተን የሚባል አሜሪካዊ፥ ሞተሩን በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ ላደረገበት ቢስክሌት የፈጠራ መብቱን ያገኘው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ በእኛ ቢቈጠር የዓድዋ ድል በሆነበት በ1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ባለ ሞላው የፊት ባላ ግን በተራራ ቢስክሌት ላይ የተለመደው፥ ሮክ ሾክስ የሚባለው ያሜሪካ ኩባንያ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነው። የዘጠና አራት ዓመት ርቀት አላቸው ማለት ነው። ባለ ሞላውን ባላ ያወጡት ሰዎች ያሰቡት በድንጋይ ላይ ለሚዘል ቀላል ቢስክሌት ነበር፤ በፊት ጎማው ውስጥ ሞተር ይገባል ብለው አልሠሩትም። ሁለቱን ያጋባቸው ኋላ የመጣው ገበያ ነው፤ ጋብቻውም ሳይተዋወቁ የሆነ ስለ ሆነ ጠብ አያጣውም።

ጠቡ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር፥ ዘንጉን ደግሞ በዚያው ኃይል ወደ ኋላ ሊያዞረው ይታገላል። ዘንጉ እንዳይዞር የሚይዘው የባላው አፍ ነው። የተለመደው የሞተር ዘንግ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ሆኖ፥ ሁለት ጎኑ ተልጦ 10 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይደረግና በባላው አፍ መካከል ይቀመጣል። አሁን ሞተሩ 40 ኒውተን ሜትር የሚባለውን ኃይል ያወጣል እንበል። ይህ ማለት የአንድ ሜትር ርዝመት ባለው ዘንግ ጫፍ ላይ አራት ኪሎ ያህል ክብደት ቢንጠለጠል የሚያደርገው ጠምዛዥ ኃይል ነው። አራት ኪሎ ምን አላት ይባል ይሆናል። ነገር ግን በባላው አፍ ላይ ያለው ርቀት አንድ ሜትር አይደለም፥ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሜትር መቶኛ እጅ። ርቀቱ መቶ ጊዜ ሲያንስ ኃይሉ መቶ ጊዜ ይበዛል፤ ስለዚህ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 400 ኪሎ የሚያህል ግፊት ይመጣል። ሁለቱ እግሮች እኩል ቢካፈሉት እንኳ ለእያንዳንዱ 200 ኪሎ ይደርሰዋል። ይህም አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያበቃ አይደለም፤ ነጂው ኃይል በሰጠ ቍጥር ይመጣል፥ በተወ ቍጥር ይሄዳል።

ደረቁ ባላ ከብረት የተሠራ ከሆነ ይህን ለመሸከም ይችላል፤ ቢያቅተውም መጀመሪያ ይጐብጣል፥ አፉ ይሰፋል፥ ለሚያይ ሰው ምልክት ይሰጣል። የባለ ሞላው ባላ የታችኛው እግር ግን በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ወይም ከማግኔዥየም ቀልጦ የተቀረጸ ነው። ይህ ዓይነት ማዕድን ቀላል ነው፥ ያማረ ነው፥ ሲሰበር ግን ሳይጐብጥ ይሰበራል። ትናንት ደኅና የነበረው አፍ ዛሬ ይከፈላል። ያን ጊዜ ዘንጉ በቦታው ይሽከረከራል፥ ዳዶው ይፈታል፥ ወደ ሞተሩ የሚገባው ሽቦ ተጠምዝዞ ይበጠሳል፥ ጎማውም ከባላው ይወጣል።

በዚህ ላይ ሰው ራሱ የሚጨምረው ጥፋት አለ። የተለመደው የፊት ባላ አፍ ለ9 ሚሊ ሜትር ዘንግ የተከፈተ ነው፤ የሞተሩ ዘንግ ደግሞ 10 ይፈልጋል። ጠጋኙ ሞረድ ያነሣና አንድ ሚሊ ሜትር ይልጣል፤ ጎማው ሲገባለት ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን የላጠው በትክክል ያን 200 ኪሎ የሚሸከመውን ሥጋ ነው። ደግሞም በብዙ ባላዎች አፍ ዙሪያ፥ ጎማው ድንገት እንዳይወጣ ተብሎ ጐድጐድ ያለ ከንፈር ተሠርቷል። የሞተሩ ሮንዴላ ትልቅ ስለ ሆነ በዚህ ከንፈር ላይ አጋድሎ ይቀመጣል፤ ሲጠበቅም አፉን ወደ አንድ ጎን እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ከንፈሩን የሚሞላ ትንሽ ሮንዴላ ከሥር ሳይገባ ዳዶው መጥበቅ የለበትም። አፉ ክፍት መሆኑ ቀርቶ 15 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ድፍን ቀዳዳ የሆነውን ባላ ደግሞ ለተለመደው የፊት ሞተር ከነጭራሹ መግዛት አይገባም፤ አይገጥምም፥ ቢያስገድዱትም አይታመንም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። ሞተሩ በፊት ጎማ ከሆነ፥ የተሰበረው ባለ ሞላ ባላ በብረት ደረቅ ባላ ይተካ። ለምቾቱ ጎማው ይወፍር፤ ወርዱ ሁለት ኢንች ከሩብ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ፥ አየሩ ትንሽ ቀነስ ብሎ ሲሞላ፥ በጅጅጋ ጎዳና ላይ ላለው ጠጠርና ጕድጓድ ርካሹ ሞላ እርሱ ነው። ይህን ስንል ባለ ሞላው ይሻላል የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። እንዲያውም እጅን ከመደንዘዝ ወገብንም ከሕመም እንደሚያድን አይካድም። ነገር ግን በርካሽ ዋጋ የሚሸጠው ባለ ሞላ ባላ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞላው ይደርቃል፥ እግሩ ይላወሳል፤ ምቾቱ ሄዶ አደጋው ብቻ ይቀራል። በግድ ባለ ሞላ ካልሆነ አይሆንም የሚል ቢኖር፥ በሁለቱም እግር በኩል ማገጃ ክንድ ሳያስገጥም እንዳይነዳ እንመክረዋለን። ይህ ክንድ አንድ ጫፉ የዘንጉን ልጥ ጎን ጨብጦ፥ ሌላው ጫፉ በባላው እግር ላይ የሚታሰር ከወፍራም ብረት የተሠራ ሳንቃ ነው። ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ ያ 400 ኪሎ ወደ 40 ይወርዳል፥ በሁለቱ ሲካፈል ወደ 20። ቀጥቃጭ የሆነ ሁሉ ሊሠራው ይችላል፤ ከዘንጉ ጋር የሚገጥመው ቀዳዳ ብቻ ያለ ክፍተት ልክ ይሁን።

ሞተሩ በኋላ ጎማ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይቀላል። የፊቱ ባላ ከመጠምዘዝ ድኗል፤ ባለ ሞላ ቢሆን ክፋት የለበትም። እንዲህም ሆኖ የእግር ቢስክሌት ባላ ይበቃዋል ማለት አይደለም። ባትሪና ሞተር የተሸከመ ቢስክሌት ራሱ ብቻውን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰውየውና ዕቃው በዚያ ላይ ናቸው። ፍጥነቱም ይበዛል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ አራት እጥፍ ነው። ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚመጣ ሰው ባቢሌን አልፎ የካራማራን ተራራ በማርዳ በር ይሻገርና ወደ ሜዳው ቍልቍል ይወርዳል። ያን ቍልቍለት በከባድ ቢስክሌት የወረደ ሰው ፍሬኑን ምን ያህል ጊዜ እንደ ጨበጠው ጣቶቹ ይነግሩታል። ፍሬን በተያዘ ቍጥር የቢስክሌቱና የሰውየው ክብደት ወደ ፊት ተገፍቶ በባላው እግርና አንገት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ የሚገዛው ባላ ከፋብሪካው የዲስክ ፍሬን ማሰሪያ ያለው፥ ፋብሪካውም 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይችላል ብሎ የጻፈለት፥ የላይኛው እግሩ ውፍረት ከ30 ሚሊ ሜትር የማያንስ ይሁን። ማሰሪያ የሌለውን ባላ ገዝቶ በብየዳ ማሰሪያ መለጠፍ ባንዳንድ ቦታ የተለመደ ነገር ነው፤ ይህን የመሰለ ድፍረት በሕግ ሊከለከል ይገባል ብለን እናምናለን።

ስለ ልኩ ብዙ አንናገርም፤ ቢሆንም ሳይለኩ መግዛት የተለመደ ስለ ሆነ ጥቂት እንበል። የአንገቱ ውፍረት በዛሬዎቹ ቢስክሌቶች ብዙ ጊዜ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሮጌዎቹ 25.4 የሆነም አለ፤ ባንዳንዶቹም ከላይ ቀጭን ሆኖ ወደ ትከሻው ሲወርድ ወደ 40 ገደማ ይሰፋል። ይህ ካልገጠመ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። የአንገቱ ርዝመት ከአሮጌው ጋር ይተያይ፤ የረዘመ ይቈረጣል፥ ያጠረ ግን አይቀጠልም። በሁለቱ አፎች መካከል ያለው ስፋት ለተለመደው ጎማ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለወፍራሙ የአሸዋ ጎማ ብዙ ጊዜ 135 ይሆናል። ጎማው 26 ኢንች ከሆነ ለ26 የተሠራ፥ 29 ከሆነ ለ29 የተሠራ ይፈለግ፤ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ጎማው ትከሻውን ቢነካ በመንገድ መካከል የቆመ ፍሬን ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ከጎማው ዘንግ እስከ ትከሻው ያለው ቁመት ነው። ረጅም ሞላ የተሻለ ነው ብሎ 80 ሚሊ ሜትር የሚሄደውን አውጥቶ 120 የሚሄደውን የሚያስገባ ሰው፥ የቢስክሌቱን ፊት በአራት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረገው። መሪው ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይተኛል፥ ቢስክሌቱም ሲያዞሩት ይለግማል፤ ከዚህም የከፋው በቴላዮው አንገት ላይ ያለው ብየዳ ላልተሠራበት ሸክም መዳረጉ ነው። ልጓሙ እንደ ረዘመ በቅሎ ነው። ስለዚህ አዲሱ ባላ በቁመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ ቢበልጥም ከሁለት ሴንቲ ሜትር አይለፍ።

የአየርና የሞላ ክርክር ደግሞ አለ። በአየር የሚሠራው ባላ ቀላል ነው፥ በነጂውም ክብደት ልክ ሊስተካከል ይችላል። ነገር ግን አየሩ የሚሞላው ለዚሁ በተሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ በጎሚስታ መሣሪያ ቢሞሉት ጠባብ ስለ ሆነ ባንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል፥ ማኅተሙም ይፈነዳል። በዚህ ላይ የጅጅጋ ነፋስና አቧራ አለ። አቧራው ከላይኛው እግር ጋር ተለጥፎ በማኅተሙ ሥር ይገባል፤ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ግራሶው እንደ ሞረድ ይሆናል። ማኅተሙ የተበላ የአየር ባላ በአንድ ሌሊት ይተኛል፤ ማኅተሙ የተበላ የሞላ ባላ ግን እየጮኸም ቢሆን ባለቤቱን ወደ ቤቱ ያደርሰዋል። ፓምፕና ማኅተም በቅርብ በማይገኝበት አገር ምርጫችን ሞላው ነው፤ 100 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፥ የሞላው ጥንካሬ ለነጂው ክብደት የተመረጠ። ሰውየው በተቀመጠ ጊዜ ከሙሉ ጉዞው አምስተኛ እጅ ያህል ቢወርድ ልኩ ነው፤ ግማሽ ያህል ከወረደ ሞላው ላልቷል። ማታ ሲገቡ እግሩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፥ የባላውንም ዕድሜ ያረዝማል።

አሁን ወደ ሹማምንቱ እንመለስ። አንድ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ሊገዛ ጨረታ ሲያወጣ፥ በወረቀቱ ላይ የባትሪው ኃይልና የሞተሩ ዋት በጥንቃቄ ይጻፋል፤ የፊቱ ባላ ግን ወይ አይነሣም፥ ወይም «አሞርዛተር ያለው» በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። ነጋዴው ብልህ ነው፤ ባልተጻፈው ነገር ላይ ያተርፋል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ስለሚያሸንፍም፥ ጠንካራውን ባላ ያቀረበው ይወድቃል። ይህን ለማረም አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። በጨረታው ወረቀት ላይ ሞተሩ የኋላ ጎማ እንዲሆን፥ ወይም የፊት ከሆነ ባላው ደረቅ ብረት እንዲሆንና ማገጃ ክንድ በሁለቱም ወገን እንዲኖረው፥ የአንገቱ ውፍረት 28.6 ሚሊ ሜትር፥ የተሸካሚነቱ ልክ ከሰውየውና ከዕቃው ጋር በኪሎ ተጽፎ እንዲቀርብ፥ ለሃያ ቢስክሌትም ሁለት መለዋወጫ ባላ አብሮ እንዲመጣ ማዘዝ ይበቃል። አራት መስመር አይሞላም። በዚያ ላይ ሁሉም ቢስክሌቶች የአንገታቸው ልክ አንድ እንዲሆን ቢደረግ፥ የጅጅጋው ለቀብሪ በያህ፥ የቀብሪ በያሁ ለአውበሬ ሊደርስ ይችላል።

ሌሎች መንግሥታት ይህን ነገር በመለኪያ አስረውታል። አይ ኤስ ኦ 4210 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፥ የቢስክሌት ባላ በመሣሪያ ታስሮ 100,000 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ እንዲፈተን ያዛል። በኤውሮፓም ለኤሌክትሪክ ቢስክሌት ኢ ኤን 15194 የተባለ ደረጃ አለ፤ ሞተሩ ከ250 ዋት፥ የሞተሩም ርዳታ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ይወስናል። ወደ እኛ የሚመጣውን ባላ ሁሉ እንዲህ መፈተን ይቻላል ብለን አናስብም። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች አሉት። ከአንድ ሞተር፥ ከአንድ ክንድና ከአንድ መቍጠሪያ የሚሠራ የባላ መፈተኛ ለእነርሱ የመመረቂያ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ከየጭነቱ አንድ አንድ ባላ ተመርጦ ቢፈተንበት፥ የትኛው ፋብሪካ ሐቀኛ እንደ ሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ይታወቃል። የተገኘውም ውጤት በሱማሌኛና በአማርኛ ታትሞ በየጋራዡ ይለጠፍ። በዚያ አገር ቢስክሌት የሚጠግነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ሱማሌኛ ነው፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ግድግዳ ከማስጌጥ በቀር የሚያደርግለት ነገር የለም።

ቀረጥን በተመለከተ የምንለው ጥቂት ነው። ሙሉው ተሽከርካሪ ያገኘው ማቃለያ ለመለዋወጫውም እንዲደርስ የገንዘብ ሚኒስቴር ሹማምንት ቢመረምሩት መልካም ነው። መደበኛ አገልግሎቱን በ2010 ዓ.ም. የጀመረው የጅቡቲ ባቡር በደወሌ ገብቶ በድሬዳዋ ያልፋል፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅጅጋም የመኪና መንገድ አለ። ባላ የሞላበት አንድ ሣጥን አዲስ አበባ ደርሶ እንደገና ወደ ምሥራቅ የሚመለስበት ምክንያት አይታየንም፤ የምሥራቁ መለዋወጫ በድሬዳዋ ቢራገፍ የጕዞው ገንዘብ ለሕዝቡ ይተርፋል።

ካህናትም ሆኑ የዚያ አገር ሼኮች በዚህ ነገር ድርሻ የላቸውም አይባልም። ሕዝቡ ከጋራዥ ወረቀት ይልቅ የእነርሱን ቃል ይሰማል፤ ወደ ገጠር ደብርም ሆነ ወደ መድረሳ የሚሄደው አስተማሪ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ጎማ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፥ ከመነሣት በፊት፥ የፊት ፍሬኑን ጨብጦ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ፥ የሚላወስ ነገር ካለ መንዳቱን መተው፤ ቀጥሎም አቧራውን ጠርጎ የባላውን አፍ ዙሪያ በደኅና ብርሃን መመልከት፥ እንደ ፀጕር የቀጠነ መስመር ከታየ ጎማውን ማውለቅ። ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ የሚወስድባቸው ጊዜ አንድ ምዕራፍ ከማንበብ ያነሰ ነው።

በመጨረሻም በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ስለሚከማቸው ስብርባሪ። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ወይም የማግኔዥየም ባላ በብየዳ አይድንም፤ ብየዳው ዙሪያውን ያለሰልሰዋል፥ ከቀድሞው አጠገብ እንደገና ይሰበራል። እንዲህ ያለው ዕቃ በጥራጊ ስም በጨረታ ሲሸጥ፥ ቀለም ተቀብቶ በሌላ ከተማ ገበያ እንደ አዲስ መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ የግምጃ ቤቱ ሹም ከመዝገብ በሚሠርዝበት ዕለት፥ አንገቱንና ሁለቱን እግሮች በፊቱ በመጋዝ አስቈርጦ፥ ቍርጥራጩን በኪሎ ለአቅላጭ ያስረክብ።